ለዕለታዊ የረጅም መንገድ ምልልስ ምቹና ኃይል ቆጣቢ ተሽከርካሪ ሲመረጥ ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

መኖሪያቸው በአንድ ከተማ፣ ሥራቸው በሌላ ከተማ የሆነ ዜጎች ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም። በተለይም በአዲስ አበባ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ መካከል ጠዋት ወጥተው ማታ የሚመለሱ ሠራተኞች፣ ነጋዴዎችና ባለሙያዎች የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ቋሚ ተጠቃሚዎች ናቸው። ለእነዚህ ተገልጋዮች የግል ተሽከርካሪ መግዛት፣ ለብዙዎቹ ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ የሚመጣ ትልቅ ወጪ ነው። ውሳኔው በጥንቃቄ ካልተወሰነ ጉዳቱ በግዢው ዕለት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት፣ በነዳጅ፣ በኤሌክትሪክ፣ በጎማ፣ በጥገናና በአሽከርካሪው ድካም ይገለጣል።

በገበያ ላይ ምርጫው ዘወትር የሚከናወነው የመሸጫ ዋጋን፣ የተሽከርካሪውን መልክና በማስታወቂያ ላይ የሰፈረውን ቁጥር በማየት ነው። ይሁን እንጂ ለከተማ ውስጥ አገልግሎት ተስማሚ የሆነ ተሽከርካሪ ለረጅም መንገድ ምልልስ ተስማሚ ላይሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ ማንኛውም ገዢ ተሽከርካሪ ከመምረጡ በፊት የሚጓዝበትን መንገድ በቁጥር እንዴት ሊለካ እንደሚችል፣ ከዚያም የተሽከርካሪውን ኃይል ቆጣቢነት፣ ምቾትና ጠቅላላ ወጪ እንዴት ሊመዝን እንደሚገባ ያብራራል። ማብራሪያው አንድን የተሽከርካሪ ስም ከሌላው አያስበልጥም።

1. አስቀድሞ የሚለካው መንገዱ ነው

የመጀመሪያው ሥራ የዕለቱን ጉዞ ከቤት ደጃፍ እስከ ሥራ ቦታ ደጃፍ በኪሎ ሜትር መለካት ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ርዝመት 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ከመንገዱ መግቢያ በፊትና ከመውጫው በኋላ ያለው የከተማ ውስጥ ጉዞ ሲደመር የአንድ አቅጣጫ ጉዞው በቀላሉ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ደርሶ መልሱ 200 ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ቁጥር በወር 22 የሥራ ቀናት ሲባዛ 4,400 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት ደግሞ የበዓላትና የዕረፍት ቀናት ተቀንሰው 50,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። በቀን 30 ኪሎ ሜትር ብቻ በከተማ ውስጥ የሚጓዝ ተሽከርካሪ ይህንኑ ርቀት ለመሸፈን ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ስለሆነም የምልልስ ተሽከርካሪ በአንድ ዓመት ውስጥ የሌላውን የበርካታ ዓመታት ዕድሜ እንደሚጠቀም ከወዲሁ ሊታሰብ ይገባል። በዘይት ቅያሬ፣ በጎማ፣ በፍሬን ሸራና በዋስትና ጊዜ ላይ የሚነሱት ጥያቄዎች ሁሉ ከዚህ አንድ ቁጥር ይመነጫሉ።

ሁለተኛው መለኪያ የመንገዱ ዓይነት ነው። ከ100 ኪሎ ሜትሩ ውስጥ ምን ያህሉ የፍጥነት መንገድ፣ ምን ያህሉ የተጨናነቀ የከተማ መንገድ፣ ምን ያህሉስ ኮብልስቶን ወይም ጠጠር መንገድ እንደሆነ ለይቶ መመዝገብ ያስፈልጋል። ለፍጥነት መንገድ ተስማሚ የሆነው ዝቅ ያለ አውቶሞቢል በመኖሪያ ሰፈሩ የመጨረሻ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ሆዱ የሚነካ ከሆነ፣ በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚደርስበት ጉዳት የቆጠበውን ወጪ ሊበላው ይችላል። ይህ ጥንቃቄ ባትሪያቸው ከወለላቸው ሥር ለተገጠመላቸው የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ይበልጥ ይሠራል።

2. ሽቅብና ቁልቁል፦ የከፍታ ልዩነት የሚያመጣው ለውጥ

ሦስተኛው መለኪያ ከፍታ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የአዲስ አበባ መሃል ከተማ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ተሽከርካሪ በአንድ ጉዞ 700 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይወጣል። መንገዱ ረጋ ብሎ ስለሚወጣ አሽከርካሪው ላያስተውለው ቢችልም፣ ሞተሩና ባትሪው ግን ዋጋውን ይከፍላሉ።

ለማሳያ ያህል፣ ከነተሳፋሪዎቹ 1,700 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሽከርካሪ 700 ሜትር ከፍ ለማለት ብቻ 3.2 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ይፈልጋል። በኃይል ማስተላለፊያው ላይ የሚባክነው ሲታከል ፍላጎቱ ወደ 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ያድጋል። ይህ ኃይል በሜዳ ላይ ለመጓዝ ከሚያስፈልገው በተጨማሪ የሚወጣ ነው። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ የዚህን ኃይል ከፊል ወደ ባትሪው ይመልሳል። በነዳጅ የሚሠራ ተሽከርካሪ ግን ቁልቁለት ላይ የሚቆጥበው ነዳጅ ባለመስጠት ብቻ ሲሆን፣ በፍሬን የጠፋውን ኃይል መልሶ አያገኝም።

ከፍታ በነዳጅ ሞተር ላይ ሌላም ተጽዕኖ አለው። በ2,300 ሜትር ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ወለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው መጠን ስለሚቀንስ፣ በፋብሪካ መግለጫው ላይ የተጻፈለትን ጉልበት በአዲስ አበባ አካባቢ ሙሉ በሙሉ አይሰጥም። አምስት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ዳገት የሚወጣ እጅግ አነስተኛ ሞተር በከፍተኛ ዙር ለመሥራት ስለሚገደድ ቆጣቢነቱ ይቀንሳል፤ ከባድ ተሽከርካሪዎችን ለመቅደምም በቂ ጉልበት ያጣል። ስለሆነም "ትንሽ ሞተር ሁልጊዜ ነዳጅ ይቆጥባል" የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ ለከተማ ውስጥ ጉዞ የሚሠራውን ያህል ለዚህ ዓይነቱ ምልልስ አይሠራም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ በከፍታ ምክንያት ጉልበቱ አይቀንስም።

3. ፍጥነትና የተሽከርካሪ ቅርጽ

በከተማ ውስጥ ነዳጅ በብዛት የሚባክነው በመቆምና በመነሳት ነው። በፍጥነት መንገድ ላይ ግን ትልቁ ኃይል የሚውለው አየርን ገፍቶ ለማለፍ ነው። ተሽከርካሪው የሚገጥመው የአየር ጫና ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ይጨምራል። በሰዓት ከ100 ወደ 120 ኪሎ ሜትር የጨመረ አሽከርካሪ ፍጥነቱን ያሳደገው በ20 በመቶ ሲሆን፣ የአየር ጫናው ግን በ44 በመቶ ያድጋል። በ85 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በዚህ የሚገኘው የጊዜ ትርፍ ከዘጠኝ ደቂቃ ያነሰ ነው። አሽከርካሪው በመንገዱ ዳር የተተከሉትን የፍጥነት ወሰን ምልክቶች ማክበሩ ግዴታው መሆኑ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ረጋ ያለና ያልተቆራረጠ ፍጥነት ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ የሚገኝ ቁጠባ መሆኑን መገንዘብ ይጠቅማል።

ከዚህ በመነሳት የተሽከርካሪው ቅርጽ ለምልልስ ያለው ትርጉም ግልጽ ይሆናል። ፊቱ ጠባብ፣ ቁመቱ ዝቅ ያለና ከኋላ የተስተካከለ አውቶሞቢል፣ ተመሳሳይ ሞተር ወይም ባትሪ ካለው ረጅምና ሰፊ ተሽከርካሪ ይልቅ በፍጥነት መንገድ ላይ አነስተኛ ኃይል ይፈጃል። በጣራ ላይ ያለ አገልግሎት የተገጠመ የዕቃ መጫኛም የአየር ጫናውን ስለሚጨምር፣ በማይፈለግበት ጊዜ እንዲነሳ ይመከራል። ከፍ ያለ ተሽከርካሪ የሚያስፈልገው የመኖሪያ ሰፈሩ መንገድ ሲያስገድድ እንጂ በፍጥነት መንገዱ ምክንያት አይደለም።

4. በነዳጅ የሚሠራ ተሽከርካሪ ለሚመርጡ

በነዳጅ ብቻ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተላለፈው ውሳኔ ተግባራዊ በመሆኑ፣ በዚህ ዘርፍ ያለው ግብይት በአብዛኛው ቀደም ብለው በገቡ ተሽከርካሪዎች ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ የገዢው ትኩረት ከሞዴሉ ስም ይልቅ በእጁ ላይ ባለው በዚያ አንድ ተሽከርካሪ ይዞታ ላይ ሊሆን ይገባል።

የፍጆታ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም በምልልስ ላይ ይገዝፋል። በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር የሚፈጅና 8 ሊትር የሚፈጅ ሁለት ተሽከርካሪዎች ቢነጻጸሩ፣ በወር 4,400 ኪሎ ሜትር ጉዞ የመጀመሪያው 264 ሊትር፣ ሁለተኛው 352 ሊትር ይፈጃሉ። ልዩነቱ በወር 88 ሊትር፣ በዓመት ወደ 1,000 ሊትር ነው። ገዢው ይህን ቁጥር በዕለቱ በሚሠራበት የነዳጅ ዋጋ አባዝቶ ከሁለቱ ተሽከርካሪዎች የመሸጫ ዋጋ ልዩነት ጋር ቢያስተያይ፣ ዛሬ ርካሽ የሚመስለው ነገ ውድ ሊሆን እንደሚችል ይረዳል።

እውነተኛውን ፍጆታ ለማወቅ አስተማማኙ መንገድ ቀላል ነው። ታንከሩን እስከ አፉ ሞልቶ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን መመዝገብ፣ በምልልሱ መንገድ ላይ ደርሶ መልስ መጓዝ፣ ከዚያም በዚያው ማደያ ድጋሚ ሞልቶ የገባውን ሊትር በተጓዘው ኪሎ ሜትር ማካፈልና በ100 ማባዛት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ቁጥር ለግምት እንጂ ለውሳኔ አይበቃም።

ሃይብሪድ ተሽከርካሪ የሚመርጡ ገዢዎች ደግሞ የዚህ ቴክኖሎጂ ዋነኛ ጥቅም የሚገኘው ፍሬን በብዛት በሚያዝበት የከተማ ጉዞ መሆኑን ሊያውቁ ይገባል። በተመሳሳይ ፍጥነት ረጅም ርቀት በሚጓዙበት ጊዜ ከመደበኛው ተሽከርካሪ ጋር ያላቸው ልዩነት ይጠባል። ዕድሜው የገፋ የሃይብሪድ ባትሪ መቀየሪያ ወጪም ከግዢው በፊት ሊጠየቅ ይገባል።

5. የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ለሚመርጡ

5.1. በማስታወቂያ የሚነገረው ርቀት ከየት ይመጣል?

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በአንድ ሙሌት ይጓዛል ተብሎ የሚነገረው ርቀት በላቦራቶሪ በተደረገ ፈተና የሚገኝ ነው። ፈተናዎቹ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደሉም። በቻይና የሚሠራበት ሲኤልቲሲ የተሰኘው የፈተና ዘዴ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፓ የሚሠራበት ደብሊውኤልቲፒ ደግሞ አማካይ ፍጥነቱ 46 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ከፍተኛ ፍጥነቱም ከ130 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ አንድ ተሽከርካሪ በሁለቱ ዘዴዎች ቢፈተን በመጀመሪያው የሚመዘገብለት ርቀት ይበልጣል። የትኛውም ፈተና ግን ወደ አዲስ አበባ የሚወጣውን መንገድ አይወክልም።

ስለሆነም ገዢው ሻጩን ሁለት ነገሮች መጠየቅ ይኖርበታል፤ የተነገረው ርቀት በየትኛው የፈተና ዘዴ የተገኘ እንደሆነና የባትሪው መጠን ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሆነ። ከሁለቱ ይልቅ ለስሌት የሚጠቅመው የባትሪው መጠን ነው።

5.2. ለምልልሱ የሚበቃ የባትሪ መጠን

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚጓዝ መካከለኛ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በሜዳ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል ተብሎ ቢያዝ፣ ስሌቱ እንደሚከተለው ይሆናል።

• ሽቅብ ጉዞ (ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ)፦ 16 ሲደመር 3.6፣ ወደ 19.6 ኪሎዋት ሰዓት፤
• ቁልቁል ጉዞ (ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ)፦ 16 ሲቀነስ 2.5 ገደማ፣ ወደ 13.5 ኪሎዋት ሰዓት፤
• የደርሶ መልስ ድምር፦ 33 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፤
• ለዝናብ፣ ለማቀዝቀዣ፣ ለመንገድ መጨናነቅና ለባትሪ እርጅና የሚያዝ መጠባበቂያ (አንድ አራተኛ)፦ 8 ኪሎዋት ሰዓት፤
• ጠቅላላ የቀን ፍላጎት፦ 41 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ።

ባትሪን በየዕለቱ እስከ መጨረሻው አሟጦ መጠቀም የማይመከር በመሆኑ፣ ይህ ፍላጎት ከባትሪው መጠን ከ80 በመቶ እንዳይበልጥ ማድረግ ተገቢ ነው። በዚህ መሠረት በመንገድ ላይ ወይም በሥራ ቦታ ኃይል ሳይሞላ ለመመላለስ ለሚፈልግ ተገልጋይ 50 ኪሎዋት ሰዓት ገደማና ከዚያ በላይ የሆነ ባትሪ ያስፈልገዋል። ለከተማ የተሠሩ፣ የባትሪ መጠናቸው ከ20 ኪሎዋት ሰዓት የማይበልጥ ትናንሽ ተሽከርካሪዎች በዋጋቸው ቢማርኩም፣ ለዚህ ምልልስ የሽቅብ ጉዞውን እንኳ በአስተማማኝ ሁኔታ አያጠናቅቁም። መነሻቸው ቢሾፍቱ ለሆነ ተገልጋዮች ርቀቱም ከፍታውም ስለሚያንስ ስሌቱን በራሳቸው ቁጥር ሊያስተካክሉት ይችላሉ።

የጉዞው ቅደም ተከተልም ሊታሰብበት ይገባል። መኖሪያው አዳማ የሆነ ሠራተኛ ጠዋት በሙሉ ባትሪ ሽቅብ ይወጣል፤ ማታ ባትሪው ሲቀንስ ቁልቁል ይወርዳል። መኖሪያው አዲስ አበባ የሆነ ሠራተኛ ግን በተቃራኒው፣ ብዙ ኃይል የሚጠይቀውን ሽቅብ ጉዞ የሚጀምረው ባትሪው በቀነሰበት ማታ ነው። ጠዋት ሥራ ቦታው ሲደርስ ዳሽቦርዱ የሚያሳየው ቀሪ ርቀት ቁልቁለቱን መሠረት ያደረገ በመሆኑ ሊያዘናጋው ይችላል። ለዚህኛው ተገልጋይ መጠባበቂያው ይበልጥ ሰፋ ማለት ይኖርበታል።

5.3. በቤት ውስጥ ኃይል መሙላት

የባትሪውን መጠን ያህል አስፈላጊ የሆነው፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጉዳይ በሌሊት ምን ያህል ኃይል መሙላት እንደሚቻል ነው። ለዕለቱ የዋለውን 33 ኪሎዋት ሰዓት ለመተካት፣ በመሙላት ሂደት የሚባክነው ሲጨመር ከቆጣሪው 37 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወጣል። በ220 ቮልት መስመር ላይ፣

• 10 አምፔር በሚስብ ተራ ሶኬት (2.2 ኪሎዋት) 17 ሰዓት ገደማ፤
• በ16 አምፔር መስመር (3.5 ኪሎዋት) ከ10 ሰዓት ተኩል በላይ፤
• በ32 አምፔር ለብቻው በተዘረጋ መስመርና ቻርጀር (7 ኪሎዋት) 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል።

ማታ 1 ሰዓት ቤቱ ገብቶ ንጋት 11 ሰዓት የሚወጣ ተገልጋይ ያለው ጊዜ 10 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ተራው ሶኬት የዕለቱን ፍላጎት አይመልስም፤ ጉድለቱም በየቀኑ እየተጠራቀመ በሳምንቱ አጋማሽ ተሽከርካሪውን ከጉዞ ያስቀረዋል። መብራት በተቋረጠበት ሌሊት ደግሞ ችግሩ ይብሳል። በመሆኑም ከግዢው በፊት የቤቱ የኤሌክትሪክ መስመርና ቆጣሪ ተጨማሪውን ጭነት የሚሸከም መሆኑን በባለሙያ ማስመርመር፣ ካስፈለገም የአቅም ማሻሻያ ጥያቄ ለአገልግሎት ሰጪው ተቋም አስቀድሞ ማቅረብ ያስፈልጋል። የተከራዩ ነዋሪዎች የአከራያቸውን ስምምነት፣ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ የሚኖሩ ደግሞ የሕንፃውን የጋራ አስተዳደር ፈቃድ ቀድመው ሊያረጋግጡ ይገባል። መስመሩ በመሬት ማስያዣ ሽቦ መጠበቁና በማራዘሚያ ገመድ አለመሙላት ከእሳት አደጋ የሚጠብቅ ጥንቃቄ ነው።

የወሩ ፍጆታ 800 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ስለሚደርስና የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በፍጆታ መጠን በእርከን የሚያድግ በመሆኑ፣ ወጪው የሚሰላው ቤተሰቡ እስካሁን በሚከፍልበት እርከን ሳይሆን ከተጨማሪው ፍጆታ በኋላ በሚደርስበት እርከን ነው።

የቻርጀር መሰኪያ ዓይነትም እንዲሁ ሊረጋገጥ ይገባል። በቻይና ደረጃ የተሠራ መሰኪያ ለአውሮፓ ደረጃ ከተዘጋጀ የመሙያ ጣቢያ ጋር በቀጥታ አይገጥምም። ገዢው በመንገዱ ላይና በሥራ ቦታው አቅራቢያ ያሉት ጣቢያዎች ከተሽከርካሪው ጋር የሚስማሙ መሆናቸውን በአካል ሄዶ ቢያይ ይመረጣል።

5.4. የባትሪ ዋስትና

በርካታ አምራቾች ለባትሪ የሚሰጡት ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው፣ የሚል ነው። ስምንት ዓመት ረጅም ጊዜ ይመስላል። ነገር ግን በዓመት 50,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተገልጋይ ይህን ርቀት የሚጨርሰው በሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ነው። በተጨማሪም ዋስትናው በአገር ውስጥ ተፈጻሚ የሚሆነው አስመጪው ወይም ሻጩ በጽሑፍ ኃላፊነት ሲወስድ በመሆኑ፣ የዋስትናው ሰነድ፣ ጥገናውን የሚሰጠው ጋራዥና የመለዋወጫ አቅርቦቱ ከክፍያ በፊት ሊታወቅ ይገባል። ያገለገለ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የሚገዛ ሰው ደግሞ የባትሪው ቀሪ አቅም በመሣሪያ ተለክቶ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ።

6. ምቾት የደኅንነት ጉዳይ ነው

በአንድ አቅጣጫ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ምልልስ በወር ከ60 ሰዓት በላይ መሪ ላይ መቀመጥን ይጠይቃል። ስለሆነም የመቀመጫ ምቾት እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም። ወገቡን ያመመውና ጆሮው በጩኸት የደከመ አሽከርካሪ ትኩረቱ ይቀንሳል፤ በፍጥነት መንገድ ላይ ደግሞ የአንዲት ሰከንድ መዘናጋት ብዙ ሜትር ያስጉዛል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይሄዳል።

ስለዚህ የሚከተሉት ነጥቦች በአካል ተቀምጦ ሊፈተሹ ይገባል።

• መቀመጫው ቁመቱና ርቀቱ የሚስተካከል፣ ወገብንና ጭንን የሚደግፍ መሆኑ፤ መሪው ከፍና ዝቅ፣ ቢቻልም ቀረብና ራቅ የሚል መሆኑ፤
• በከፍተኛ ፍጥነት ከጎማ፣ ከነፋስና ከሞተር የሚመጣው ድምፅ ከጎን ካለ ሰው ጋር ሳይጮኹ ለመነጋገር የሚያስችል መሆኑ፤
• ሳስፔንሽኑ በመንገድ መጋጠሚያዎች ላይ ተሽከርካሪውን የማያንገጫግጭና በነፋስ የማያወዛውዝ መሆኑ፤
• ማቀዝቀዣው በሚገባ የሚሠራ መሆኑ፤ በአዲስ አበባ ብርድ የተነሳ ተጓዥ ከአንድ ሰዓት በኋላ በአዳማ ሙቀት ውስጥ ይገኛልና፤
• የፊት መብራቱ በንጋትና በምሽት በቂ ርቀት የሚያሳይ፣ የዝናብ መጥረጊያውም ጉድለት የሌለበት መሆኑ፤
• ፍጥነትን በአንድ ደረጃ የሚጠብቅ ሥርዓት ካለ አሠራሩና ማጥፊያው ግልጽ መሆኑ።

የፀሐይ አቅጣጫም ከመንገዱ ጋር ይያያዛል። አዳማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኝ በመሆኗ፣ ጠዋት ከአዲስ አበባ ወጥቶ ማታ የሚመለስ አሽከርካሪ በጉዞም በመልስም ፀሐይ ፊት ለፊት ትገጥመዋለች። ለዚህ ተጓዥ ያልተጫረና ንጹሕ የፊት መስታወት፣ ሰፊ የፀሐይ መከላከያና ጥሩ መነጽር የምቾት ሳይሆን የማየት ጉዳይ ነው።

7. ጎማ

በዓመት 50,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ የጎማ ሙሉ ቅያሬ በየዓመቱ ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ የጎማ መጠኑ በገበያ በቀላሉ የሚገኝ መሆኑንና ዋጋውን አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። ትልልቅ ቸርኬ ያላቸው ተሽከርካሪዎች መልካቸው ቢያምርም ጎማቸው ውድና ጎኑ ቀጭን በመሆኑ በጉድጓድ በቀላሉ ይጎዳል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፉት የመጨረሻ አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያመለክታሉ፤ ለምሳሌ 1523 የሚለው በ2023 በ15ኛው ሳምንት መመረቱን ይገልጻል። ጥርሱ ያላለቀ ቢሆንም ዕድሜው የገፋ ጎማ በሙቀትና በፍጥነት ሊፈነዳ ይችላል። የጎማ ነፋስ ከጉዞ በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ መለካት ይኖርበታል፤ የጎደለ ነፋስ ነዳጅም ባትሪም ይጨርሳል።

8. ጠቅላላ ወጪን ማስላት

የሁለት ተሽከርካሪዎች ንጽጽር ትክክለኛ የሚሆነው የመሸጫ ዋጋቸው ብቻ ሳይሆን የሚከተሉት የወር ወጪዎች ጎን ለጎን ተጽፈው ሲደመሩ ነው፦ የነዳጅ ወይም የኤሌክትሪክ ወጪ፣ የፍጥነት መንገድ ክፍያ፣ የዘይትና የማጣሪያ ቅያሬ፣ ጎማና ፍሬን፣ መድን፣ ዓመታዊ ምርመራ እንዲሁም የባንክ ብድር ካለ ወርኃዊ ክፍያው። የፍጥነት መንገዱ ክፍያ በተሽከርካሪው ዓይነትና በተጓዘው ርቀት የሚወሰን በመሆኑ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በወር 44 ጊዜ የሚከፈል ሆኖ ሊሰላ ይገባል። ሞተር ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትር የሚቀየር ተሽከርካሪ ደግሞ በዚህ ምልልስ በየአምስት ሳምንቱ ገደማ ጋራዥ መግባት ይኖርበታል።

ድምሩ ከቤተሰቡ ገቢ ጋር የማይመጣጠን ሆኖ ከተገኘ ሌሎች አማራጮችን ማየት ይቻላል። በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም በአንድ አካባቢ የሚሠሩ አራት ሰዎች በአንድ ተሽከርካሪ ቢጓዙ የእያንዳንዳቸው የኃይልና የመንገድ ክፍያ ድርሻ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። በሳምንት የተወሰኑ ቀናት የሕዝብ ማመላለሻ መጠቀምም ተሽከርካሪውንም አሽከርካሪውንም ያሳርፋል።

9. ከመፈራረም በፊት

የሙከራ ጉዞ በሰፈር ውስጥ በሚደረግ የአምስት ደቂቃ ዙር ሊወሰን አይገባም። ከሻጩ ጋር በመስማማት በፍጥነት መንገድ ላይ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት፣ ሽቅብ ጉዞንም ጨምሮ መንዳት ያስፈልጋል። በሰዓት ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ፍሬን ሲያዝ ተሽከርካሪው ወደ አንድ ወገን የሚስብ ከሆነ ወይም በዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው ከፍ የሚል ከሆነ ገለልተኛ በሆነ ባለሙያ እንዲመረመር ማድረግ ተገቢ ነው።

ከሰነድ አንጻር ገዢው የሚከተሉትን ያረጋግጥ።

• በሊብሬው ላይ የሰፈሩት የቻንሲና የሞተር ቁጥሮች በተሽከርካሪው ላይ ከተቀረጹት ጋር አንድ መሆናቸው፤
• ተሽከርካሪው ከዕዳና ከእገዳ ነጻ ስለመሆኑ ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት የተሰጠ ማረጋገጫ መኖሩ፤
• በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ዓመታዊ ምርመራው የተከናወነና ቦሎው ያልወደቀ መሆኑ፤
• በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን የጸና መሆኑ፤
• አዲስ ለሚገዛ ተሽከርካሪ የጉምሩክ ሰነዱ የተሟላ መሆኑ፤
• የሽያጭ ውሉ ሥልጣን ባለው የሰነዶች ማረጋገጫ ተቋም ፊት የሚፈጸም መሆኑና ስሙ የሚዛወርበት ጊዜ በውሉ ውስጥ መገለጹ።

10. ማጠቃለያ

ለረጅም መንገድ ምልልስ የሚሆነው ተሽከርካሪ ከሁሉ የረከሰው ወይም በማስታወቂያ ረጅም ርቀት የተነገረለት አይደለም። ገዢው የዕለቱን ርቀት፣ የመንገዱን ከፍታ፣ ማታ ኃይል ለመሙላት ያለውን ጊዜና የወሩን አቅሙን በወረቀት ላይ ካሰፈረ በኋላ፣ እነዚህን አራት ቁጥሮች በትርፍ የሚያሟላው ተሽከርካሪ ለእርሱ ተስማሚው ነው። ይህ ስሌት የአንድ ምሽት ሥራ ሲሆን፣ ቤተሰቡ ለዓመታት ከሚከፍለው አላስፈላጊ ወጪ፣ አሽከርካሪውንም ከድካምና ከአደጋ ይጠብቃል። በምዝገባ፣ በዓመታዊ ምርመራና በስም ዝውውር ጉዳዮች ላይ ዝርዝር መረጃ የሚፈልጉ ተገልጋዮች ተሽከርካሪው በተመዘገበበት ክልል ወይም ከተማ አስተዳደር የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ቀርበው አገልግሎቱን ማግኘት ይችላሉ።